ሰሊጡ መተማ፣ ልጆቹ ጎንደር

የመተማዋ ገንዳ ውኃ ከተማ ደላላ ቤት ሲያሳይ ከበሩ አይጀምርም። መጀመሪያ ጥላውን ያሳያል፤ ግቢው ውስጥ ኒም ካለ «ዛፉ አብሮ ነው» ይላል፣ ዛፉም ኪራይ እንደታሰበበት እንዲገባዎ። ቀጥሎ የውኃ ነገር ይነሣል። «ውኃ ችግር የለም» ይላል፤ እውነቱን ማወቅ የፈለገ ግን ደላላውን ትቶ አጥር ሥር የተደረደረውን ጀሪካን ይቁጠር። ከዚያ ተከራዩ ልጅ አስከትሎ መምጣቱን ሲያይ፣ ለመጨረሻ ያቆያትን ያወጣታል፦ «ትምህርት ቤቱ እኮ እዚሁ ነው፤ ደወሉ ይሰማል።»

ደወሉ ደወል አይደለም፤ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው። ዘበኛው በፌሮ ሲመታው፣ ነፋስ ካገዘው መናኸሪያ ድረስ ይሰማል። ልምድ ያለው ደላላ ታዲያ ቤት ለማሳየት የሚቀጥረው ነፋስ ባለበት ቀን ነው። «ይሰማል» ተብሎ የገባው ተከራይ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እንኳን ቸርኬውን የሚስቱንም ድምፅ አያሰማው።

ትምህርት ቤት አይቶ ቤት መያዝ የእኛ የበረሃ ሰዎች ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቤጂንግ ላይ፣ ስመ ጥር ከሆነ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጠገብ ያለች 11 ካሬ ሜትር የምትሆን ክፍል፣ በ2016 እ.ኤ.አ. 5.3 ሚሊዮን ዩዋን ተጠርቶባት የዓለም ወሬ ሆና ነበር። 11 ካሬ ማለት እኛ ዘንድ የሰሊጥ መጋዘን ጠባቂ የሚያድርባት ናት። ፈላጊዎቿ ሊኖሩባት አልነበረም የተሻሙት፤ አድራሻዋን ለልጃቸው መመዝገቢያ ፈልገው ነው። ሜሪላንድ ያሉ ዘመዶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቤት የሚያፈላልግ አበሻ ስለ ማድ ቤቱ ከመጠየቁ በፊት ቤቱ በየትኛው ትምህርት ቤት ወሰን እንደወደቀ፣ ትምህርት ቤቱም ከ10 ስንት እንደተሰጠው ይጠይቃል። መንገድ ተሻግሮ ያለው ቤት ጣሪያው ያው፣ ግድግዳው ያው ሆኖ ዋጋው ሌላ ነው። አንዲት የአክስቴ ልጅ ከዚያ ደውላ «እናንተስ ጋ ዞኑ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ዞናችን ምዕራብ ጎንደር ነው» አልኳት። ዝም አለች፤ ኔትወርክ የተቋረጠ መስሎኝ ዘጋሁት።

አዲስ አበባ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል። ቤቱን የሚመርጠው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ ወላጅ የሚመርጠው ትምህርት ቤቱን ብቻ። ስለዚህ ልጁ ሰማዩ ሳይገልጥ ሰርቪስ ላይ ይወጣና ቁርሱን ቀለበት መንገድ ላይ፣ እንቅልፉን ድልድይ ሥር ይጨርሳል።

በወረቀት ደረጃ የእኛም ደንብ ከሰው አገሩ አይርቅም። ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው በሚኖርበት አካባቢ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ ወላጅ የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ ይዞ ይቀርባል። የልደቱ ነገር ራሱን የቻለ ወግ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የበረሃ ልጅ ዕድሜ የሚቆጠረው በገበያ ነበር፦ «ሰሊጥ የተወደደ ዓመት የተወለደው።» ሰሊጥ ደግሞ አንዴ ብቻ ተወዶ አያውቅም።

እዚህ ላይ የመተማ ዮሐንስን ሰው አስቡልኝ። ከተማዋ ከጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የአገሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስማቸውን የተወላት ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ የወደቁት እዚህ ነው። ድልድዩን ከተሻገሩ ጋላባት ነው፤ ሱዳን። ደህና በነበረው ዘመን የመተማ ሰው ቁርሱን ቤቱ በልቶ፣ ጋላባት ሻይ ጠጥቶ፣ ሽቶና ሳሙና ሸምቶ ለምሳ ይመለስ ነበር። ንጉሥ የሞተበትን ወሰን በነጠላ ጫማ ይሻገር የነበረው ይኸው ሰው፣ ልጁን ከአንድ ቀበሌ ትምህርት ቤት ወደ ጎረቤት ቀበሌ ላዛውር ሲል ግን መሸኛ፣ የመሸኛውም ግልባጭ፣ የግልባጩም ማኅተም ይጠየቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ድጓ ሲፈልግ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ሲፈልግ ዙር አምባ፣ አቋቋም ሲፈልግ ጎንደር ይሄዳል፤ ቅኔ ካማረው ዐባይን ተሻግሮ ጎጃም ይገባል። መታወቂያው ለምዱና አኮፋዳው ነው። የትምህርት ቤት ወሰን የሚያስከብር ቢኖር ውሻ ብቻ ነበር፤ ለእሱም ዱላ ተይዞለታል። ያ ተማሪ ሰፈር አልመረጠም፤ መምህር ነው የመረጠው። ይህችን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ልጅ ይዞ ከቆላ ወደ ጎንደር መውጣትም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የቋራው ካሣ ኃይሉ አባቱ ሲሞቱ እናቱ ይዘውት ጎንደር ገቡ፤ ልጁም ገዳም ገብቶ ተማረ። በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሆን ጠላቶቹ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ የሰደቡት በእናቱ የዚያ ዘመን ችግር ነው። ስድቡን ትተን ጉዳዩን ብናየው፣ ሴትዮዋ ያደረጉት ዛሬ የመተማና የቋራ እናቶች የሚያደርጉትን ነው፦ ልጅ ይማር ብሎ ከርስት ርቆ ጎንደር ላይ መቸገር። የዛሬዎቹ ችግር ኮሶ ገዢ መጥፋቱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሰው ወደ እኛ በረሃ የሚወርደው ለትምህርት ብሎ አይደለም፤ ለሰሊጥ፣ ለጥጥ፣ ለማሽላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሰፈራ ፕሮግራሙ ከደጋው ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ ሲያወርድ፣ ለአባወራው የተነገረው እስከ ሁለት ሄክታር መሬት ነው፤ ስለ ጥሩ የሒሳብ መምህር ሲነገር የሰማ የለም። እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉን፤ መንደር 6፣ መንደር 7፣ መንደር 8። ለማያውቅ የመማሪያ ክፍል ይመስላሉ። ሰው መሬቱን አይቶ ከወረደ በኋላ ልጅ ይወልዳል፣ ልጁ ሰባት ዓመት ይሞላዋል፣ ያኔ ነው እርሻውና ትምህርት ቤቱ አንድ ቦታ አለመሆናቸው የሚታወቀው። እርሻን ማንሣት አይቻልም። ትምህርት ቤትንም እንደዚያው። የሚነሣው ቤተሰቡ ነው፤ እሱም ለሁለት ተከፍሎ።

ጎረቤቴ እርሻው ደለሎ ነው። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ጎንደር፣ አዘዞ ተከራይተው ይኖራሉ። እሱ ገንዳ ውኃ አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አልጋ አለው፤ ይቅርታ፣ አንዱ ውስጥ ነው፣ አንዱ ግቢ። የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ባለፈበት ሌሊት ውጩ አልጋ ላይ አጎበሩን ሰቅሎ ይተኛል፤ የውስጡን አልጋ ዱቄትና ጆንያ ይተኙበታል። የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ በብር አስቦት አያውቅም፤ በኩንታል ነው። «ትልቁ አምስት ኩንታል ነው፤ መካከለኛዋ አራት፤ ትንሹ ገና ኬጂ ስለሆነ ሦስት ይበቃዋል» ይላል። ሰሊጥ ሲወደድ ልጆቹ ይቀላሉ፣ ሲረክስ ይከብዳሉ። አንድ ዓመት ዋጋው ወርዶበት «መካከለኛዋ ሰባት ኩንታል ገባችብኝ፤ ካልሆነ ወደ መንግሥት አወርዳታለሁ» ብሎ ሲያማርር የሰማ እንግዳ፣ ሴት ልጁን በሚዛን ሊሸጣት መስሎት ደንግጦ ተነሣ።

ማታ ማታ ይደዋወላሉ። «እንዴት ነው ትምህርት ቤቱ?» ይላል። «እንግሊዝኛ ብቻ ነው የሚያወሩት» ትላለች ሚስቱ በኩራት። «ከማን ጋር?» ይላል እሱ። ባለፈው ክረምት ልጆቹን አውርዶ እርሻውን አሳያቸው። የሦስት ኩንታሉ ልጅ ከዳር እስከ ዳር ያበበውን ሰሊጥ ዐይቶ «አባዬ፣ ይኼ ሳር ለምን አይታጨድም?» አለው። ጎረቤቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

ከእሱ ዝቅ ያለው ገበሬ ጎንደርን አያስባትም፤ ገንዳ ውኃ ወይም ኮኪት አንድ ክፍል ተከራይቶ ልጆቹን ብቻቸውን ያስቀምጣል። የእኔ አከራይ ግቢ ውስጥ እንዲህ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አሉ፤ ታላቁ ሰባተኛ ክፍል፣ ታናሹ አራተኛ። ቤቱ ውስጥ ያለው ንብረት አንድ ሰሌን፣ አንድ የከሰል ምድጃ፣ አንድ ጀሪካን፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፈ የማባዣ ሠንጠረዥ ነው፤ ባለ ዘጠኙ ጎን ጭስ ይዞት አይታይም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከገጠር ስንቅ ይመጣል። የማሽላ እንጀራ በዚህ ሙቀት ሁለት ቀን ሳይሞላው ስለሚሻግት እናታቸው ድርቆሽ አድርጋ በጆንያ፣ በርበሬውን በፌስታል ትልካለች። የአራተኛ ክፍሉ ልጅ የድርቆሽ ፍርፍር ላይ ማንም አይደርስበትም፤ ክፍልፋይ ላይ ነው የሚቸገረው። ሲያጠፋና «ወላጅ አምጣ» ሲባል ታላቅ ወንድሙን ይዞ ይሄዳል። ችግሩ ወንድሙም ራሱ ወላጅ አምጣ የተባለ መሆኑ ነው።

ሰሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ከደረሰ ፍሬ ቤቱ ይከፈትና ዘሩ መሬት ይፈሳል፤ ሳይቀደም ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚሉት ክምር መቆም አለበት። ይህ የሚሆነው ከመስከረም ማብቂያ ጀምሮ ጥቅምትን ይዞ ነው፤ ትምህርት ሚኒስቴርም ልጆቹን የሚፈልጋቸው በዚያው ሰሞን ነው። የገጠር መምህር ጥቅምት ላይ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ራሱ ነው። ወላጁን ሄዶ ቢጠይቀው መልሱ አጭር ነው፦ «መምህር፣ ትምህርቱ አይረግፍም፤ ሰሊጡ ይረግፋል።» ለዚህ መልስ የሚሆን ነገር በየትኛውም የመምህር መምሪያ ላይ አልተጻፈም። ሳሉጉማ፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ልጁን አስከትሎ ከመጣ ልጁ በየትኛው ወሰን ይመዝገብ? መታወቂያው በለሳ ነው፣ ሥራው ሽንፋ፣ እንቅልፉ ዳስ ሥር።

ከተማ የተከራየውም ቢሆን አላረፈም። ሰሜን ጎንደር በ2010 ግድም ለሦስት ተከፍሎ ገንዳ ውኃ የዞን ከተማ ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዛ፣ ሠራተኛው በዛ፣ ተከራዩ በዛ፤ የመማሪያ ክፍሉ ግን እንደ ተከራዩ አልበዛም። ክፍል ሲጠብ ፈረቃ ይመጣል። በደጋው አገር የጠዋትና የከሰዓት ፈረቃ ልዩነቱ የእንቅልፍ ነው፤ እዚህ ግን የዕድል ነው። ሚያዝያ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ቆርቆሮ ሥር የታጨቀ ክፍል ይታያችሁ። ደብተሩ ከክንድ ይጣበቃል፤ ጠመኔው በመምህሩ ላብ ይላቁጣል። በዚያ ሰዓት ሦስት አራተኛ ከሁለት ሦስተኛ ይበልጣል አይበልጥም ብሎ የሚጨነቅ ማን ነው? ስለዚህ ምዝገባ ሲደርስ «ለጠዋት አድርግልኝ» ለማለት የማይቆጠር ዝምድና፣ የማይታወስ አበልጅ የለም። አንዲት እናት «ልጄ ነስር አለባት» ብላ የጠዋት ፈረቃ ብታገኝ፣ በሳምንቱ የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ነስር ያዘው።

ከ2015 ሐምሌ ማብቂያ ወዲህ ግን የምንቀልድበት ነገር አንሷል። በክልላችን ውጊያው ከተነሣ ጀምሮ ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «የትኛው ክፍት ነው?» ሆኗል። የጎንደር መተማ መንገድ እገታ የሚፈራበት ስለሆነ፣ ድሮ ለጎንደሮቹ ልጆች አይሱዙ ላይ የሚጣል ስንቅ አሁን አጀብ ይጠብቃል። ማዶም አልተሻለም። በሚያዝያ 2015 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሣ በመተማ በኩል ከገቡት ውስጥ ኩመርና አውላላ በሚባሉት የስደተኛ ጣቢያዎች ድንኳን ውስጥ የተጠለሉ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ከእነሱም መካከል አንድ ጊዜ ትምህርት ቤት አይቶ፣ ተከራክሮ፣ ቤት የያዘ አባት አይጠፋም።

ያዙልኝ ወዳልኩት ልመለስ። እኛ ቤት ስንመርጥ የምንጠይቀው ስለ ግቢው፣ ስለ ርቀቱ፣ ስለ ፈረቃው ነው። መምህሩ ማን ነው፣ እስከ መቼስ ይቆያል ብሎ የሚጠይቅ የለም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድ ተማሪ እንኳን አላሳለፉም። የእነዚያን ትምህርት ቤቶች ደወል እየሰሙ ያደሩ፣ ለደወሉም ኪራይ የጨመሩ ስንት ወላጆች ይሆኑ?

መምህሩም እኮ እንደ እኛ ቤት መራጭ ነው። በረሃ ሲመደብ የበረሃ አበል ይታሰብለታል፤ አበሉም በወባ መድኃኒትና በቀዝቃዛ ውኃ ያልቃል። የሚከራየው ቤት ዋጋው የሚወሰነው በሰሊጥ ነው፤ ጥቅምት ላይ ሰሊጥ ገበያ ሲገባ አከራይ ይጨምራል፣ ደሞዙ ግን የሰሊጥን ወሬ አይሰማም። ስለዚህ በደረሰ ቁጥር የዝውውር ፎርም ይሞላል። እኛ ጥሩ መምህር ፍለጋ ልጆቻችንን ይዘን ወደ ጎንደር ስንወጣ፣ ዝውውሩ የደረሰለት መምህር ፍራሹን ጠቅልሎ እዚያው መኪና ላይ ከፊታችን ተቀምጧል። አይከል ላይ ለምሳ ስንወርድ አንድ ትሪ እንቀርባለን። «ወዴት ነው፣ መምህር?» ይላል ጎረቤቴ። «ጎንደር» ይላል መምህሩ፤ «ልጄን የማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥቼ።»

ይህን በጆሮዬ ከሰማሁ ወዲህ ደላላ አላማክርም። የምለምነው ሁለት ቤት የምትከራዩትን ባለሰሊጦች ነው። የጎንደሩን ኪራይ የአንድ ዓመቱን አዋጡና ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ለመምህራኑ ቤት ሥሩ። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ይሁን፤ አጎበርና ቬንትሌተር አስገቡለት፤ ሰሊጥ ሲወደድም ኪራይ አትጠይቁበት። ሲሚንቶ አንድ ኩንታል በእኔ ስም ይያዝ።